የታናሽ እህት ጥያቄ

ስልሳ እንቁላል ነበር ያመጡት። ሁሉም ተቀቅሎ፣ ከነቅርፊቱ፣ በሁለት ባልዲ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አክስት ፐርል ከኩሽናው በር ላይ ሆና። «ለቅሶ ነው የመጣችሁት ወይስ ጦር ሠራዊት ልትቀልቡ?»

ባልዲዎቹን የያዙት ሦስት ሰዎች አልመለሱላትም። ከፊት የነበረችው ግዙፍ ሴት ባልዲዋን በቀስታ ወለሉ ላይ አኖረች፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችና ሁለቱን ወንዶች አስከትላ ወደ ሳሎን ገባች። የበረዶ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነበር። በካልሲያቸው እየተንሸራተቱ እስከ ጥጉ ሄዱና ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሡ ሰዎች።

ዳሊያ ሊፕኪን ከአባቷ ጎን፣ ከዝቅተኛዋ የሐዘን በርጩማ ላይ ሆና አየቻቸው። በአይሁድ የሐዘን ደንብ የእሷም የአባቷም ሸሚዝ በቀኝ ደረቱ በኩል ተቀዷል። ወንድሟ አሸር የተቀበረው ትናንት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከሥራ ወጥቶ መኪናው ጋ ሳይደርስ ልቡ ቆመ፤ ሐኪሞቹ ያሉት ይኸው ነው። የመጣው ሰው ሁሉ ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር ሊጨምርበት ይሞክራል፤ እግዚአብሔር ደጋጎቹን ያስቀድማል፣ ደግነቱ አልተሠቃየም፣ ጊዜ ይፈውሳል። ዳሊያ ለሁሉም «አመሰግናለሁ» ትላለች፤ በልቧ ግን ቶሎ ጨርሰው ቤግል ዳቦአቸውን እንዲበሉ ትመኛለች።

«እነማን ናቸው?» ሲል አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«የአሸር ጓደኞች ይመስሉኛል።»

«ስማቸውስ?»

«እኔ በምን አውቄ አባዬ? እኔ የምኖረው ቺካጎ ነው። እዚህ ያለኸው አንተ ነህ።»

አባቷ ከጆሮዋ ራቀ። እንዲህ ማለት አልነበረባትም፤ ግን ውሸት አልተናገረችም።

ሳሎኑ በወሬ ይናጣል። ከምኩራብ የመጡት ሽማግሌዎች ስለ ሆኪ ቡድኑ ሽንፈት ይከራከራሉ። ጎረቤቶቹ ስለ በረዶው ያወራሉ። ረቢው ራሳቸው ገና ከበሩ «እዚህ ሰፈር መኪና ማቆሚያ ጠፋ እኮ!» እያሉ ነበር የገቡት። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አንዲት ቃል ያልተነፈሱት እነዚያ ሦስቱ ብቻ ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲያ ተቀምጠው ቆዩ። ከዚያ ተነሡ፤ አጠር ያለው ወጣት መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈውን እያየ «በጽዮንና በኢየሩሳሌም ሐዘንተኞች መካከል ፈጣሪ ያጽናናችሁ» አለ፣ ሌሎቹ አጀቡት፣ ወጡ።

«ዲዳዎች» አለ አባቷ።

«አሁን ተናገሩ እኮ።»

«ገባኝ፤ የአሸር ጌም ሰዎች ናቸው። በየማክሰኞው የሚሰበሰቡት።» በበርጩማው ላይ ተመቻቸ። ሶል ሊፕኪን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጀርባው ከበርጩማ ጋር አይስማማም። «መተላለፊያው ላይ ያሉትን ሣጥኖች አይተሻል? ከአሸር ቤት የመጡ ናቸው። ወረቀት ብቻ። ሰኞ ጠዋት ከሐዘን እንነሣለን፣ የተጣለ ወረቀት የሚሰበስበው መኪናም የሚያልፈው ሰኞ ነው። አወጣቸዋለሁ።»

«ሳታያቸው?»

«ምኑን አያለሁ? ሰዎች የሠሩትን የቪዲዮ ጌም ወረቀት ላይ መገልበጥ! ሃያ ምናምን ዓመት! አርባ ዓመት ፎቶ ኮፒ ማሽን ጠግኛለሁ ዳሊያ። ቅጂ ሳይ አውቃለሁ።»

ዳሊያ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት አንዲት የጎረቤት ሴት ጊዜ እንደሚፈውስ ልትነግራት መጣች።

*

የዚያን ጊዜ አሸር አሥራ አንድ፣ እሷ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ጆይስቲክ። ጆይስቲኩ የእሱ ነው፤ እሷ ማየት ብቻ። ጌሙ «የአመድ ወንዝ» ይባል ነበር። አራት መንገደኞች ከእሳት ይሸሻሉ፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ማሬን የምትባል አሮጊት ጀልባ ትሠራላቸዋለች። ጀልባዋ አራት መቀመጫ አላት። ማሬን አራቱን አሳፍራ፣ ጀልባዋን ገፍታ፣ ዳር ላይ ትቀራለች። እሳቱ ይመጣል። ሙዚቃ። አለቀ።

«ለምን ጭን ላይ አትቀመጥም?» አለች ዳሊያ።

«ምን?»

«ማሬን። የአንዱ ሰው ጭን ላይ ትቀመጥ።»

አሸር ሣቀባት። ከዚያ መሣቁን ተወና ጆይስቲኩ ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ እየተጫነ ሞከረ። ዝለል አለ፣ ምታ አለ፣ ክፈት አለ። ጭን ላይ ተቀመጪ የሚል ቁልፍ የለም። እሷ አለቀሰች። ከሐዘን አልነበረም፤ ከንዴት ነው። እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት አይቻልም?

በሚቀጥለው እሑድ ከአባታቸው የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያመጣውን የተበላሸ ቅጂ ጀርባ በሥዕልና በቁጥር ሞልቶ፣ በየገጻቸው ቁጥር ያለባቸውን ሁለት ዳይስ ይዞ ምድር ቤት ጠራት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። «ወንዙ ጋ ደርሰሻል» አላት። «እሳቱ ከኋላሽ ነው። ጀልባዋ አራት መቀመጫ አላት። ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማሬን ጭን ላይ ትቀመጥ!»

«የማን?»

«የኔ።»

«አሮጊቷ ከባድ ናት። ጀልባዋ ልትገለበጥ ትችላለች። በይ ዳይሱን ጣይ።»

ጣለች። ጀልባዋ ተንገዳገደች፣ ውኃ ገባባት፣ ግን ተሻገረች። ዳሊያ ከደስታዋ ብዛት ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ለእናቷ ነገረቻት፤ እናታቸው ያኔ በሕይወት ነበረች። ማሽኑ «አይቻልም» ያለውን ወንድሟ «ሞክሪ» አላት። ከዚያ በኋላ ያደገችበትን፣ የተማረችበትን፣ ከአለቆቿ ጋር የተጣላችበትን መንገድ ሁሉ ብታስበው መነሻው ያ እሑድ ሳይሆን አይቀርም።

*

በማግሥቱም መጡ። በዚህኛው ቀን አንድ ትልቅ ድስት የምስር ሾርባ ይዘው ነበር። አሁንም ያው ጥግ፣ ያው ዝምታ። ዳሊያ ትዕግሥቷ አልቆ ኩሽና ገባች።

«አክስቴ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?»

አክስት ፐርል እንደ በረዶ የተከመረ እንቁላል እየላጠች ነበር። «እኔም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ታውቂያለሽ፣ የጥንት ደንብ አለ። ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት እንግዳ አይናገርም። የሚመጣውም ምግብ ክብ መሆን አለበት፤ እንቁላል፣ ምስር፤ ሕይወት ይዞራል ለማለት። እናቴ ታጠብቀው ነበር። ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? ረቢው ራሳቸው ስለ መኪና ማቆሚያ እየለፈለፉ አይደል የገቡት!»

ዳሊያ አክስቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች። በእርግጥ! እነዚህ እኮ የመዝናኛቸው ዋናው ነገር ደንብ ማንበብ የሆነ ሰዎች ናቸው። ለቅሶ ሊሄዱ ሲሉ የለቅሶን ደንብ ፈልገው፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ተከራክረውበት ነው የመጡት።

ወጥታ ፊታቸው ቆመች። «መናገር ትችላላችሁ።»

ሦስቱም አንድ ላይ ተነፈሱ።

«ተመስገን!» አለች ግዙፏ ሴት። «ግሬቸን እባላለሁ፤ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ይሄ ፓኦ ቫንግ ነው፤ ትናንት መኪና ውስጥ ስንገባ ዝም ከማለት ብዛት ሊፈነዳ ነበር። ያ ላይል ነው፤ እሱ ድሮም አይናገርም።»

«ለምን ስልሳ እንቁላል?»

«ክብ ይሁን ይላል» አለ ላይል፣ ነጭ ፂም ያለው ቀጭን ሰውዬ። «ብዛቱን አይልም። ለክፉም ለደጉም ብለን ነው።»

«በሉ ኑ፣ ከአባቴ ጋር ላስተዋውቃችሁ።»

ግሬቸን ራሷን ነቀነቀች። «እሳቸው ገና አልተናገሩንም።»

«እኔ ተናገርኳችሁ አይደል?»

«አንቺ ለራስሽ ነው የፈቀድሽው። እሳቸው ሌላ ሐዘንተኛ ናቸው።»

«እኔ አንዱ ከፈቀደ ለቤቱ በሙሉ ነው ብዬ ነበር» አለ ፓኦ።

«ፓኦ፣ ትናንት ድምፅ ሰጥተን ተሸንፈሃል።»

«ደንብ በድምፅ አይወሰንም!»

«አሸር ቢኖር ምን ይል ነበር?»

ፓኦ አቀረቀረ። «በጥርጣሬ ጊዜ ለደካማው የሚያደላውን ያዙ ይል ነበር።»

«ደካማው ማነው ታዲያ?» ግሬቸን በዓይኗ ወደ በርጩማዋ ጠቆመች። አባቷ እጁን በጭኖቹ መካከል ከቶ ምንጣፉን ያያል።

ዳሊያ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። እነሱም ነገሯት። አሸር የኩላሊት ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንደሚሠራ ታውቅ ነበር። ማክሰኞ ማታ ከጓደኞቹ ጋር እንደሚጫወትም ታውቅ ነበር። ያላወቀችው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ነው። ላይል በሽተኛው ነበር። «አራት ሰዓት አንድ እጅሽ ማሽን ላይ ታስሮ ነው የምትውዪው» አላት። «ጆይስቲክ አትይዢም። አፍሽ ግን ነጻ ነው። ወንድምሽ ወንበር ይዞ መጣና ወንዙ ጋ ደርሰሃል አለኝ። ሰውዬው አብዷል አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ በሙሉ ጀልባው ላይ ነበር፤ ነርሶቹ ጭምር።» አሸር የጻፈውን ደንብ ፖላንድ፣ ክራኮው ያሉ ሰዎች ወደ ቋንቋቸው መልሰውታል፤ ብራዚልም እንዲሁ። አንድ ሳንቲም ተከፍሎበት አያውቅም። መነሻው የሌላ ሰው ጌም ስለሆነ በነጻ ይሰጣል፤ የዚህ ሥራ ሰዎች ሕግ ነው።

«ግን ከሁሉም የሚወዱት የታናሽ እህትን ጥያቄ ነው» አለ ፓኦ።

«ምኑን?»

«ደንብ ነው። በጨዋታው ውስጥ አንዴ፣ ማንም ተጫዋች ሕፃን ልጅ የሚጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ጨዋታውን የሚመራው ተራኪ አይ ማለት አይፈቀድለትም። ሞክር ነው የሚለው። ስሙን ለምን እንዲያ እንዳለው ጠይቀነው...» ንግግሩን ገታ። ዳሊያን አያት። ወደ ግሬቸን ዞረ።

«አንቺ ነሻ!» አለች ግሬቸን። ሳሎኑ ሁሉ ዞሮ አያት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የጭኑ ነገር። አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«ስድስት ዓመቴ ነበር።»

«ክራኮው ስምሽን አያውቁትም እንጂ ዝነኛ ነሽ» አለ ላይል።

ዳሊያ የተቀደደውን ሸሚዟን አስተካከለች። ቢጠይቋት ኩራት የሰነፎች ስሜት ነው ትላለች። የዚያን ዕለት ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እስከ ማታም አልተቀመጠም።

*

ሰው ሲሳሳ አባቷን ያዘችው።

«አነጋግራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ስማችሁ ማነው በላቸው። ሌላ ምን አለው?»

«ስማችሁ ማነው!» ድምፁ ተሰበረ፣ ወዲያው መለሰው። «የልጄን ጓደኞች ስም በልጄ ለቅሶ ላይ ልጠይቅ? ይሄ ነው የምትመክሪኝ? አሥር ደቂቃ መንገድ ነበር ቤቱ። አሥር ደቂቃ! ማክሰኞ ና አባዬ ይለኝ ነበር። ጀርባዬን አመመኝ እለው ነበር።»

ዳሊያ ልታቅፈው ትችል ነበር። ለማቀፍ የተፈጠረች አይደለችም። «አዎ፣ ለቅሶው ላይ ጠይቅ» አለችው። «ሌላ ዕድል ያለህ መስሎሃል? ሰኞ እነሱ ይበተናሉ፣ አንተም ሣጥኖቹን ለመኪናው ትሰጣለህ፣ ያልቃል። ትወረውረው እንደሆነ እንኳ አውቀኸው ወርውር።»

አባቷ ዓይኑን ወደ መተላለፊያው መለሰ። እሷ ግን ሱቁን አስታወሰች። አሸር ኮሌጅ ሳለ የመጀመሪያውን ሙሉ ደንብ ይዞ ሌክ ስትሪት ወዳለው ሱቅ መጣ። አባታቸው ምን እንደሆነ አልጠየቀም። «ስንት?» አለ። «ሃምሳ አባዬ።» «በሁለት ገጽ?» «በሁለት ገጽ።» ማሽኑ እየተነፈሰ ተፋው። አባቷ ትኩሱን ቁልል አንሥቶ በአጭሩ ጎን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ፣ አዙሮ በረጅሙ ጎን መታ መታ አደረገ፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ እስኪስተካከል። ከዚያ አስረከበ። በዚያ ሱቅ ውስጥ በእጁ ያለፈው ወረቀት የትየለሌ ነው፤ አንዱንም አላነበበም። ማንበብ የደንበኛ ጉዳይ ነው ይል ነበር።

*

በሰንበት፣ ማለትም ቅዳሜ፣ ለቅሶ አይቀመጡም። እሑድ ሦስቱ ሰዎች ተመልሰው ጥጋቸውን ያዙ። ከዳሊያ ጋር በሹክሹክታ ያወሩና አባቷ ቀና ሲል ጸጥ ይላሉ፤ አስተማሪ እንደገባባቸው ተማሪዎች። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሄደው ቤቱ ጭር ሲል አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ ሴትዮ።»

ግሬቸን ተነሥታ ቆመች።

«ተቀመጪ እንጂ፤ ፍርድ ቤት አደረግሽው እኮ። አውቶቡስ ትነጃለሽ አለችኝ ልጄ። በስንተኛው መስመር?»

«በሃያ አንድ ነበርኩ፣ ሚስተር ሊፕኪን። ሌክ ስትሪትን ዳር እስከ ዳር።»

«በሱቄ በር ላይ ነዋ የምታልፊው!»

«አውቃለሁ። አሸር ሁልጊዜ ያሳየኝ ነበር። አባቴ እዚያ ነበር የሚሠራው ይለኛል።»

አባቷ በርጩማውን ወደ እሷ አዞረ። «እንግዲህ ንገሪኝ። ያ ሥራው። ቅጂ ነው አይደል? ሌላ ሰው የሠራውን ነው የገለበጠው?»

ፓኦ ተንቁነጠነጠ። ግሬቸን ግን ረጋ ብላ መለሰች። «ጌሙ የሌላ ሰው ነው፣ እውነት ነው። ኩባንያው ከተዘጋ ቆይቷል። ያንን የጀልባ ነገር የጻፈችው ሴት ግን አለች፤ አርጅታለች። ከሁለት ዓመት በፊት የአሸርን ደንብ አንብባ ጻፈችለት። ሰው ሁሉ አሮጊቷ ዳር የቀረችው ትልቅ ምሥጢር ቢኖረው ነው እያለ ሲያለቅስ ኖረ አለችው። እውነቱ ግን ሥዕል የሚሠራው ልጅ አምስተኛ መቀመጫ ለመሳል ጊዜ አጣ፤ ጌሙ ለገና መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ተውናት። አንተ ግን አሻገርክልኝ አለችው።»

«ቆይ ቆይ» አለ አባቷ። በበርጩማው ላይ ወደፊት አዘነበለ። «ስለዚህ ዋናው ላይ ብልሽት ነበረበት።»

«አዎ።»

«ከፋብሪካው የወጣ።»

«ከፋብሪካው።»

«እሱ ጠገነው።»

«ጠገነው፣ ሚስተር ሊፕኪን።»

አባቷ ወደ ዳሊያ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር የምታውቀው ድሮ ሱቅ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ሁሉ ተስፋ የቆረጠበት ማሽን ሲነሣለት ነው። «ያለ መለዋወጫ» አለ።

ሲመሽ ሦስቱ ተነሡ። ሲሸኛቸው በየስማቸው ተሰናበታቸው፤ ላይልን ሁለት ጊዜ።

*

ሰኞ ጠዋት ከጸሎት በኋላ አክስት ፐርል «በቃ፣ ተነሡ» አለቻቸው። ተነሡ። እንደ ደንቡ ካፖርት ደርበው ሰፈሩን ሊዞሩ ወጡ፤ ሐዘንተኛ ወደ ሰው የሚመለሰው እንዲያ ነው። በረዶው ከጫማቸው ሥር ይንኮሻኮሻል። ሦስቱ ሰዎች ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ቀርተው ተከተሏቸው። ደንቡ ስለ ርቀቱ ምን እንደሚል ሲከራከሩ ዳሊያ ትሰማለች። ከመንገዱ ጫፍ የወረቀት መኪናው ሲያጓራ ተሰማ።

አባቷ ፍጥነቱን ጨመረ። ቤት ሲደርሱ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ መተላለፊያው ላይ ካሉት ሣጥኖች የላይኛውን አነሣ። ዳሊያ በሩ ላይ ቆመች። ሌላ የምትለው አልነበራትም፤ ያላትን ሁሉ ብላዋለች። ከበሩም ላለመራቅ ወሰነች። መውጣት ከፈለገ እሷን ገፍቶ ይውጣ።

አባቷ ወደ በሩ አልመጣም። ሣጥኑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የተረፉትን እንቁላሎች ወደ ጎን ገፋ።

«ሴትዮ» አለ ወደ ግሬቸን ሳያይ። «ያ ከልጄ ጋር ስታወሩ የሰማሁት፣ የማይከለከለው ጥያቄ። ሽማግሌም ይጠይቃል?»

«ማንም ይጠይቃል።»

«ደንቡን የማያውቅ ሰው፣ ዘግይቶ የመጣ... ጀልባዋ ላይ ይሳፈራል?»

ግሬቸን ወደ ላይል ዞረች። ላይል መለሰላት። «ይሞክር።»

«ጭን ላይ ከሆነ ግን የኔ ጉልበት...» ፓኦ ጀመረ፤ ዳሊያ በክርኗ ጎሸመችው።

አባቷ ከጠረጴዛው ሥር ወንበር ሳበ። ከፍ ያለውን፣ ሐዘን ላይ ያልሆነ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር። ተቀመጠ። ከሣጥኑ አንድ ቁልል ወረቀት አወጣና በአጭሩ ጎን መታ መታ፣ አዙሮ በረጅሙ ጎን መታ መታ አደረገ። የወረቀት መኪናው በደጃቸው አለፈ። እሱ መነጽሩን አጠለቀ፣ ጣቱን በምላሱ አራሰና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ።